ተበልቶ ስኳር ሲወርድ፦ በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ዝቅታ መረዳት

ምሳ ተበልቶ ገበታው ከተነሣ ብዙም አልቆየም፤ ቡናው ገና እየተቆላ ነው። በዚህ መካከል ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት የቤቱ ልጅ ግንባሩ ቀዝቃዛ ላብ ያወጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ለተጠየቀው ነገርም የማይገናኝ መልስ ይሰጣል። «ስኳሬ ሳይወርድ አልቀረም» ቢል ከቤተሰቡ የሚያገኘው ምላሽ ብዙ ጊዜ «አሁን በልተህ? እንዴት ሆኖ!» የሚል ነው። ሁላችንም ስኳር የሚወርደው ምግብ በዘለለ ወይም በዘገየ ሰው ላይ ነው እየተባልን ስላደግን መገረሙ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ግርምት የሚባክኑት 10 እና 15 ደቂቃዎች ታማሚው አጥብቆ የሚፈልጋቸው ደቂቃዎች ናቸው። ይህን ማብራሪያ የምጽፈውም በተለይ ስለ እነዚያ ደቂቃዎች እያሰብኩ ነው።

በቅድሚያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል፤ መለኪያቸው በሚሊሞል ለሚያነብላቸው ሰዎች ይህ ከ3.9 በታች ማለት ነው። ከ54 በታች፣ ማለትም ከ3.0 ሚሊሞል በታች ሲደርስ አንጎል በቂ ስኳር ማግኘት ስለሚያቅተው ማሰብና መናገር ይዛባል። ሰውየው ራሱን መርዳት አቅቶት የሌላ ሰው እርዳታ ካስፈለገው ደግሞ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ዝቅታው ከባድ ነው።

የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው በልቶ ሳለ ስኳሩ የማይወርደው ቆሽቱ ነገሩን በየደቂቃው እየተከታተለ ስለሚያስተካክል ነው። ምግብ ሲገባ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ስኳሩ ወደ 80 ገደማ ሲወርድ ማመንጨቱን ይገታል፤ ወደ 70 ሲጠጋ ደግሞ ግሉካጎን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይለቅና ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲያወጣ ያዝዛል። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ስለሚያቅተው ኢንሱሊኑ በመርፌ ይሰጣል፤ ሁለቱም መከላከያዎችም ይጎድላሉ። ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊን ስኳሩ ወርዷልና ተመለስ ቢሉት የሚመለስ አይደለም፤ የተወሰነለት ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ግሉካጎን የሚያመነጩት ሕዋሳትም ሕመሙ በጀመረ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ለስኳር መውረድ መልስ መስጠታቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ሳይጠባበቁ በየራሳቸው ሰዓት ይጓዛሉ ማለት ነው፤ አንዱ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው ምግብ ነው፣ ሌላው ከቆዳ ሥር ወደ ደም የሚገባው ኢንሱሊን። ኢንሱሊኑ ምግቡን ቀድሞ ከደረሰ፣ ከምግቡ ከበለጠ ወይም ምግቡ ካለቀ በኋላ ሥራውን ከቀጠለ ሰውየው ሆዱ ሞልቶም ስኳሩ ይወርዳል።

የየኢንሱሊኑን ሰዓት ማወቅ የግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን በብዛት የሚሰጠው፣ እንደ ውሃ የጠራው ሬጉላር ኢንሱሊን በግማሽ ሰዓት ገደማ ሥራ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል፣ በጠቅላላው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ደፍረስ ያለው ኤንፒኤች ቀስ ብሎ ይነሣና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። 70/30 የሚባለው ድብልቅ በውስጡ 70 በመቶ ኤንፒኤችና 30 በመቶ ሬጉላር ስላለው ሁለቱንም ጠባይ ይዟል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ሊስፕሮ፣ አስፓርትና መሰሎቻቸው ግን ፈጣን ናቸው፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራሉ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ይበረታሉ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥም ያልቃሉ።

ይህ የሰዓት ልዩነት በተለይ አገር ለሚቀይሩ ሰዎች ትልቅ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ እያለ ሬጉላር ወግቶ 30 ደቂቃ መጠበቅ የለመደ ሰው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሄዶ ሊስፕሮ ሲታዘዝለት ያንኑ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ገና እየበላ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በተቃራኒው ከውጭ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ የያዘው ፈጣን ኢንሱሊን ያለቀበትና ሬጉላር የገዛ ሰው ልክ ማዕድ ሲቀርብ ቢወጋ፣ ከምግቡ በኋላ ስኳሩ መጀመሪያ ይወጣል፤ ምግቡ ካለቀ በኋላ ግን የኢንሱሊኑ ጅራት፣ ማለትም ያላለቀው የመጨረሻ ሥራው፣ ስለሚቀር ከ4 ወይም ከ5 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። የብልቃጡ ስም ሲቀየር የአወሳሰዱም ሰዓት እንደሚቀየር ሐኪሙ ሳይነግር ቢቀር እንኳ ታማሚው መጠየቅ አለበት።

ከምግብ በኋላ ስኳር ሲወርድ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን በላህ?» የሚለው ይመስለናል። በእኔ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ «ከበላህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» የሚለው ነው፤ መንስኤውን ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ሰዓቱ ነውና።

ዝቅታው ማዕድ ላይ ወይም በልተው በ1 ሰዓት ውስጥ ከመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኢንሱሊኑ ምግቡን ቀድሟል የሚል ነው። ቤቱ ወግቶ ሠርግ ወይም ክርስትና የሄደን ሰው እናስብ። እንግዳው ተሰብስቦ፣ ካህኑ መጥተው፣ ማዕዱ ተባርኮ እስኪነሣ ድረስ አንድ ሰዓት ማለፉ የተለመደ ነው፤ ኢንሱሊኑ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራውን ጀምሯል። እንዲህ ላለው ቀን የሚበጀው ብልቃጡንና ሲሪንጁን ይዞ ሄዶ ምግቡ በዓይን ከታየ በኋላ መውጋት ነው። ሬጉላር ለሚወስድ ሰው ይህ ከምግቡ በኋላ ስኳሩን ጥቂት ከፍ ሊያደርገውና ከላይ እንደተባለው ጅራቱን ሊያዘገየው ቢችልም፣ በሰው ድግስ መካከል ራስን ከመሳት ይሻላል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የምግቡ መዘግየት ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ሲበላ የእንጀራው ስኳር ወደ ደም የሚደርሰው ከጾም ሽሮ በእንጀራ ይልቅ ዘግይቶ ነው። ፈጣን ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች የፋሲካ ዕለት በልተው በ1 ሰዓት ተኩል ስኳራቸው ወርዶ ከ5 ሰዓት በኋላ ደግሞ 280 ቢሆንባቸው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ክትፎ በአይብና በጥቂት ቆጮ የበላ ሰው ደግሞ ነገሩ ከመዘግየትም ያልፋል፤ ሥጋና አይብ የያዙት ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው የምግብ ክፍል፣ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለሙሉ እንጀራ የታሰበው መጠን በቀጥታ ትርፍ ይሆናል።

ሕመሙ ብዙ ዓመት በቆየባቸው ሰዎች ላይ ሦስተኛ ነገርም አለ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊጎዳው ይችላል፤ ያን ጊዜ ማንኛውም ምግብ፣ ቅባት ባይኖረውም እንኳ፣ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ከሰዓታት በፊት የተበላን ምግብ ማስመለስ፣ እንዲሁም ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚወርድና በኋላ የሚወጣ ስኳር አንድ ላይ ከታዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ይህን በራስ ግምት መጠን በመቀነስ ብቻ መፍታት አይቻልም።

መርፌው ያረፈበት ቦታም አለ። ቀጭን ሰው ጭኑ ላይ ቆዳውን ሳይቆነጥጥ በረጅም መርፌ ሲወጋ ኢንሱሊኑ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ አልፎ ጡንቻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጡንቻ ደግሞ ደም ስለሚበዛበት ኢንሱሊኑን በፍጥነት ያደርሰዋል፣ በተለይ ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ ከተራመደ። በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚወጋ ሰው ደግሞ ቆዳው ሥር ለስላሳ እብጠት ያበቅላል። እብጠቱ ሕመም ስለማይሰማው ብዙዎች ደጋግመው እዚያው ይወጋሉ፤ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ የሚወጣው አንድ ቀን ቀስ ብሎ፣ ሌላ ቀን በድንገት ነው። በተመሳሳይ መጠንና በተመሳሳይ ምግብ ውጤቱ በየቀኑ ከተለያየ ሆድንና ጭንን በጣት ዳብሶ ማየት ይገባል። እብጠት ከተገኘ ወደ ጤናማ ቦታ መቀየሩ ግድ ነው፤ ነገር ግን በጤናማው ቦታ ኢንሱሊኑ በደንብ ስለሚገባ የቀድሞው መጠን ሊበዛ እንደሚችል አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያሻል። ኤንፒኤችና ድብልቁም ከመቀዳታቸው በፊት ብልቃጡ በመዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል ካልተንከባለለ የዛሬውና የነገው 10 ዩኒት (ኢንሱሊን የሚለካበት መስፈሪያ) እኩል አይሆኑም።

ዝቅታው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመጣ በአብዛኛው ጉዳዩ የመጠን ነው፤ ለተበላው ምግብ የተወጋው በዝቷል። እዚህ ላይ የእኛ የአበላል ልማድ የራሱ ችግር አለው። የውጭ አገር የስኳር ትምህርት የሚነሣው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው ከሚል ሐሳብ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ግን ምን ያህል እንደቆረሰ ሲነሣ እንኳ በትክክል አያውቀውም፤ የወጋው ደግሞ ከመቀመጡ በፊት ነው። አንዳንድ ቀን ጉርሻ ይበዛል፣ አንዳንድ ቀን ጨዋታ ይዞት ሳይበላ ይነሣል። ቢያንስ ለኢንሱሊን የታሰበውን እንጀራ አስቀድሞ ለይቶ፣ ተጠቅልሎ በራሱ በኩል እንዲቀመጥለት ማድረግና ከዚያ እንዳይጎድል መጠበቅ አብሮ መብላትን አያስቀርም። ትንሽ ልጅ ከሆነና የሚበላው ካልታወቀ፣ ፈጣን ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ፣ በሐኪሙ ምክር በልቶ እንዳበቃ ወዲያው መውጋትም ይቻላል።

የግምት ስሕተት ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር እንመልከተው። በቀን በጠቅላላው 40 ዩኒት የሚወስድ ጎልማሳ አለ እንበል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ በግርድፉ 1 ዩኒት ፈጣን ኢንሱሊን 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትን ይሸፍናል፣ ምግብ ከሌለ ደግሞ ስኳሩን በ45 ያህል ያወርደዋል። ይህ ሰው ከምግብ በፊት 150 ነበር፤ ካሰበው 24 ግራም ካርቦሃይድሬት አሳንሶ በላ፣ ማለትም ከእንጀራው የተወሰነ ክፍል ተወው። የተረፈው ኢንሱሊን 2 ዩኒት ነው፤ 2 ዩኒት ስኳሩን በ90 ያወርደዋል፤ 150 የነበረው 60 ላይ ይገኛል። የተረፈች እንጀራ ብቻ ይህን ታደርጋለች። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ስለሆነ የራስን ልክ ከሐኪም ጋር ማውጣት ያስፈልጋል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝቅታ የጅራት ዝቅታ ነው። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ተማሪ ልጅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሬጉላርና ኤንፒኤች ወግቶ፣ 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። 4 ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል ቁርሱ አልቋል፤ ሬጉላሩ ግን ገና ጉልበት አለው፣ ኤንፒኤቹም መነሣት ጀምሯል፣ ልጁም ኳስ ሊጫወት ይሮጣል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይወስዳል፣ የኢንሱሊኑንም ሥራ ያጠነክራል። ለዚህ ልጅ የ4 ሰዓቱ መክሰስ የሕክምናው አካል ነውና መምህሩ «በክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው» ብሎ ሊከለክለው የሚገባ ነገር አይደለም። አዋቂም ከእራት በኋላ ረጅም መንገድ በእግሩ ከሄደ ዝቅታው ሌሊት፣ ተኝቶ ሳለ ሊመጣ ይችላል። ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ ከታከለበት አደጋው ይጨምራል፤ ጉበት አልኮሉን በማስወገድ ሲጠመድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳልና።

ሌላው የዘገየ ዝቅታ መንስኤ በላይ በላዩ መውጋት ነው። ምሳ በልቶ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲለካ 260 ያገኘ ሰው ደንግጦ 6 ዩኒት ሬጉላር ይጨምራል። የመጀመሪያው መርፌ በዚያ ሰዓት ዋናውን ሥራውን ገና እየሠራ መሆኑን አላሰበም፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ማምሻውን ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከምግብ በኋላ ያለ ከፍታ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ ዕድል መስጠትና ሬጉላር ከሆነ ቢያንስ ቀጣዩን ምግብ መጠበቅ ብዙ ዝቅታዎችን ያስቀራል።

ከእነዚህ አንዱም ሳይሆን ዝቅታው ከቀድሞው ይልቅ ቢደጋገም ሰውነት ውስጥ የተለወጠ ነገር ሊኖር ይችላል። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ቆሽት ለጊዜው ጥቂት ሊያገግም ይችላል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራትና ጡት በማጥባት ጊዜም የሚያስፈልገው መጠን ይቀንሳል። ዓይነት 1 ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ የሚታየው ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመምም ስንዴና ገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ምክንያት አንጀትን ስለሚጎዳ የተበላው በአግባቡ አይመጠጥም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይሁን እንጂ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ እንጀራ አለው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ከምግብ በኋላ የወረደ ስኳር ሲገጥም ትልቁ ስሕተት «ሆዴ ውስጥ ምግብ አለ፣ ይደርስልኛል» ብሎ መጠበቅ ነው። ምግቡ ቢደርስ ኖሮ ስኳሩ ባልወረደ ነበር። መለኪያ ካለ ወዲያው መለካት፣ ከሌለ ወይም ሩቅ ከሆነ ደግሞ በምልክቱ ብቻ ማከም ይገባል። ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው፤ ይህም በውሃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ግማሽ ነው። ስኳር አልባ የሚባሉት ለስላሳዎች ለዚህ ፋይዳ የላቸውም። ለልጅ በኪሎ 0.3 ግራም ይታሰባል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 6 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለክቶ ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ መድገም ነው። ቸኮሌት፣ ወተት፣ ቆሎና ዳቦ በዚህ ሰዓት የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም፤ ጨጓራ ውስጥ የዘገየው ምግብ ላይ ሌላ የሚዘገይ ምግብ መጨመር ይሆናል። ኢንሱሊኑ ከተወጋ ገና አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከሆነ አንድ ጊዜ በማከም ላያበቃ ስለሚችል ለጥቂት ሰዓታት ደጋግሞ መለካት ያሻል። ለማዕድ ሲቀርቡ ስኳሩ ቀድሞውኑ ከ70 በታች ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ስኳር፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ኢንሱሊን ነው።

አንድ ጊዜ ክፉኛ የወረደበት ሰው ከዚያ በኋላ መርፌውን ይፈራል፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ኢንሱሊን መተው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ደም አሲድ እንዲበዛበት አድርጎ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። መፍትሔው መጠኑን ማስተካከል ነው፤ ግልጽ ምክንያት ላልተገኘለት ዝቅታ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ያን ዝቅታ ያመጣውን መርፌ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳሉ። የትኛውን መርፌ መቀነስ እንዳለበት የሚለየው ግን ማስታወሻው ነው፦ የተወጋበት ሰዓት፣ የተበላበት ሰዓት፣ የተበላው ምግብና ስኳሩ የወረደበት ሰዓት። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ በሆነበት ቤት ሁልጊዜ መለካት እንደማይቻል አውቃለሁ። ስለዚህ ለሦስት ቀን ያህል ብቻ፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ ዝቅታው በሚደጋገምበት ሰዓት ተለክቶ የተጻፈ ማስታወሻ፣ በወር ውስጥ ተበታትነው ከተለኩ ብዙ ቁጥሮች የበለጠ ይናገራል።

ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወርድበት ሰው ላቡም መንቀጥቀጡም እየቀነሰ ሄዶ ያለ ምልክት መውረድ ይጀምራል። ይህ ስሜት ዝቅታን ለጥቂት ሳምንታት በጥንቃቄ በመከላከል ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ግን ከታማሚው ቀድመው የሚያዩት አብረውት የሚበሉት ናቸው፤ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ዝም ማለት፣ አፍጥጦ መቅረት፣ ጉርሻውን ይዞ መርሳት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር፣ ማርም ስኳርም ቢሆን፣ መጨመር አይገባም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ኢንሱሊን መውጋትም ፈጽሞ አይገባም። በጎኑ ማስተኛት፣ ግሉካጎን ካለ ለአዋቂ 1 ሚሊ ግራም መውጋት፣ ከሌለም ሳይዘገዩ የደም ሥር ግሉኮስ ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው። ለሚቀበለው ባለሙያም የመጨረሻው ኢንሱሊን ምን ዓይነት እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደተወጋ መንገር ያስፈልጋል፤ ኤንፒኤች ወይም ድብልቅ የወሰደ ሰው በግሉኮሱ ነቅቶ ከተቀመጠም በኋላ እንደገና ሊወርድበት ይችላልና።